የተረፈ ባጅ

ሰማንያ አራት ስም ጻፍኩ፣ በወፍራም እስክሪብቶ፣
ማተሚያው ቀለሙን ጨርሶ፣ ከትናንት ጀምሮ ተኝቶ።
ከቡዳፔስት፣ ከአንካራ፣ ከሴኡል፣ ከፑኔ
ይመጣል ተማሪ፤ ጠሪዋ ደግሞ እኔ፣
ከጎንደር ወዲያ ማዶ አይቶ የማያውቅ ዓይኔ።

«ሻን» ብሎ የፈረመውን ሽታሁን ብዬ ጻፍኩለት፤
እናቱ ብትሰማ ብዬ
ስሙን ከነአባቱ መለስኩለት።

በመርሐ ግብሩ ላይ «መክፈቻ ሦስት ሰዓት» ብል
ሁሉም የሚገባው መስሎኝ፣ ያለ ማብራሪያ ያለ ውል፣
ውብአንቺ ከአንካራ መጥታ፣ ሆቴል አርፋ፣ ተኝታ
በዘጠኝ ሰዓት ከተፍ አለች፣ ቦርሳዋን እየጎተተች፤
«ሦስት አላላችሁም?» አለች።
ስድስት ዓመት ውጭ ኖራ፣ ስድስት ሰዓት ዘገየች፤
ለያንዳንዱ ዓመት አንድ ሰዓት፣ እንደ ቀረጥ ከፈለች።

ቀኑ ዓርብ ነበር።
«ዓሣ ለጾም ይሆናል፣ አይሆንም» ተባብለው
ከጉባኤው ርዕስ ይልቅ በምሳው ላይ ተካረው
ሁለት ሊቃውንት ቆመው ቀሩ። ቆረሶው ቀዘቀዘና
ባጃጅ ነጂው አንሙት በላው፤
«እኔስ መንገደኛ ነኝና!»

መብራት ሄደ። መጣ። ሄደ። ጄኔሬተሩ አጉረመረመ፣
ፕሮጀክተሩ አንዴ በራ፣ አንዴ ደግሞ ጨለመ፣
የዲኑም ንግግር «ክቡራን እና...» ላይ ቆመ።
እኔ ከገመድ ጋር ስታገል፣ ከሶኬት ሶኬት ስዞር
ሰማንያ ሦስቱ ባጅ በየአንገቱ ተንጠልጥሎ ነበር፤
አንዱ ብቻ ከጠረጴዛው፣ ክሩ እንደተጠቀለለ፣
«አትርሳው ልየው፣ ሴኡል» እያለ
ባለቤቱን ሲጠብቅ ዋለ።

ሌሊት መልእክት ልኮ ነበር፦
«ፈቃዴ ዕድሳት ላይ ነው፤
ከወጣሁ በሩ ይዘጋል። አደራ፣ ጥናቴን አንቺ አንብቢው።»

ተነሣሁ። ለሌላ ሰው ሁሌ ማይክ የምሞክር፣
ከ«አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?» በቀር
መድረክ ላይ ቃል የሌለኝ፣ በእሱ አንደበት ጀመርኩ፤
«እኔ» አልኩ።
«እኔ የጣናን እምቦጭ፣ ከሰማይ በተነሣ ምስል
ለሰባት ዓመት ለክቻለሁ...» በሌለ ሰው ቃል።
እሱ ነጥብ በነጥብ ከስክሪን ላይ የለቀመው
ለእኔ መስኮቱ ሥር ነበር፣
የሚሸት፣ ነፋስ የሚያመላልሰው።

«ነጥብ አሥራ ሰባት» ስል ከኋላ ወንበር እጅ ወጣ፤
ጋሽ እንድሪስ፣ ታንኳ ሠሪው፣ ለኤግዚቢሽን የመጣ፣
የደንገል ነዶ ጭኑ ላይ፣ ባጅ ያልጻፍኩለት እንግዳ።
«ልጄ፣ እሱ ቁጥር አይደለም» አለ፣ ሳይቆጣ፣ ሳይጎዳ፤
«የአምባዛ ጓሮ እንለዋለን፤ አባቴ መረብ የጣለበት።
አሁን ታንኳ አይገባም፤ እምቦጩ ዘግቶበት።»

አዳራሹ ዝም አለ።
እኔም ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ
አሥራ ሰባትን ሳልሰርዝ፣ ስሙን ጻፍኩት ከበላይ።
ለጋሽ እንድሪስም ባጅ ፈለግኩ፤
ባዶ አልተረፈኝም ነበር፤ በካርቶን ቅዳጅ ጻፍኩ።

ሲመሽ ወንበር ቆጠርን፤ ሁለት ጎደለ።
ባነሩን ስናወርድ ተቀደደ፤ ዘበኛው «ለዝናብ ይሆነኛል» አለ።
ያችን ገጽ በስልኬ አንስቼ ላክሁለት፤
ሴኡል እኩለ ሌሊት ነው፤ ይተኛል ብዬ ስጠረጥር
መልሱ ወዲያው መጣ፣ ሰላምታ የለው፣ ዝርዝር፤
«የአምባዛ ጓሮ» ብቻ፣
ልክ ልጅ ፊደል ሲቆጥር።

የተረፈውን ባጅ መጣል ከበደኝና
የቢሮዬን ቁልፍ አሰርኩበት።
ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ፣ ቁልፉን አዙሬ ስገፋው
በራሴ እጅ ጽሕፈት ያዘኛል፦
አትርሳው።
ልየው።